በገጠር ወረዳ ፍርድ ቤት ውርስ የማጣራት ወጪ እንዴት ይገመታል?

አንድ አርሶ አደር ሲሞት ወራሾቹ ሐዘናቸው በረድ እንዳለ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ውርሱን በሕግ ለማጣራት ስንት ብር ያስፈልጋል የሚለው ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ለቀበሌ ሥራ አስኪያጅ፣ ለመሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ ለወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ወይም ለፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነው። የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለውን የዳኝነት ክፍያ ብቻ የሚመለከት በመሆኑ ወራሾች ካሰቡት በላይ ለሆነ ወጪ ሲዳረጉ ይታያል።

የዳኝነት ክፍያ ከጠቅላላው ወጪ አነስተኛው ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል ከቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ በመመላለስ የሚወጣው ገንዘብና የሚባክነው የሥራ ቀን ሲሆን፣ የምልልሱ ብዛት የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው። አንዱ የወራሾች መስማማት ወይም አለመስማማት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለፍርድ ቤቱ የሚጽፉት ማስረጃ የተሟላ ወይም የጎደለ መሆኑ ነው። በመሆኑም ትክክለኛ ግምት ለመስጠት የሚፈልግ የመንግሥት ሠራተኛ ከክፍያ ተመኑ በፊት ሌሎች ጉዳዮችን መመልከት ይኖርበታል።

በቅድሚያ የሚለየው የውርስ ሀብት

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስ የሚከፈተው ሟች በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ መሆኑን በአንቀጽ 826 ደንግጓል። ስለዚህ ልጆቹ ባሕር ዳርም ይኑሩ ጅዳ፣ ጉዳዩ የሚታየው ሟች ይኖርበት በነበረው ወረዳ ነው። የንብረቱ ግምት የክልሉ ሕግ ለወረዳ ፍርድ ቤት ከወሰነው የገንዘብ መጠን በላይ ሲሆን ክርክሩ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ይህም ራቅ ወዳለው የዞን ከተማ መጓዝን ስለሚያስከትል ወጪውን ከፍ ያደርገዋል። ሟች ሙስሊም ከሆነና ተከራካሪዎቹ በሙሉ ፈቃዳቸውን ከሰጡ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው በተከራካሪዎች ፈቃድ እንደሆነ አስቀምጧል።

ወራሾች ንብረት ሲቆጥሩ በቤቱ ውስጥና በበረቱ ያለውን ሁሉ የሟች አድርገው የመደመር ልማድ አላቸው። ይህ በግምቱም ሆነ በኋላ በሚነሳው ክርክር ላይ የሚያስከትለው ችግር ቀላል አይደለም። ሟች ባለትዳር ከነበረ በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ በመሆኑ አስቀድሞ የሚስቱ ወይም የባሏ ድርሻ ተለይቶ መውጣት አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሕይወት ያለውን ባል ወይም ሚስት ያለ ኑዛዜ በሚተላለፍ ውርስ ከወራሾች ተርታ አላስገባም። ነገር ግን ከጋራ ሀብቱ የሚደርሳቸው እኩሌታ ከመጀመሪያውም ከውርስ ውጪ የሆነ የራሳቸው ንብረት ነው። ብዙ ባል የሞተባቸው እናቶች “ወራሽ አይደለሽም” ተብለው ከገዛ ድርሻቸው ሲገፉ የሚታየው ይህ ልዩነት በሚገባ ባለመብራራቱ ነው። የሚስት ድርሻ ሳይለይ የወጣ የወራሽነት ውሳኔ በኋላ በመቃወሚያ ስለሚነካ፣ ለመጀመሪያው መዝገብ የወጣው ገንዘብ ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከውርሱ ሀብት የማይደመሩ ሌሎች ገቢዎችም አሉ። በሞት ምክንያት ለሟች ዘመዶች ወይም ለባል ወይም ለሚስት የሚከፈል ጡረታና ካሣ የውርሱ ክፍል እንዳልሆነ የሕጉ አንቀጽ 828 ይገልጻል። ስለዚህ የቀድሞ መምህር ወይም ወታደር ለነበረ ሟች የተተኪዎች ጡረታ ለማስከበር ውርስ ማጣራት አያስፈልግም፤ ጉዳዩ በጡረታ ሕጉ መሠረት በማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ በኩል ያልቃል።

በሌላ በኩል የሚዘነጉ፣ ነገር ግን ሊቆጠሩ የሚገባቸው ንብረቶች አሉ። ለሌላ ሰው ለርቢ የተሰጡ ከብቶች፣ በእኩል የታረሰ መሬት ላይ ያለ ሰብል፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ያለ ዕጣና ቁጠባ፣ የንብ ቀፎ፣ የቆመ ባሕር ዛፍ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የማዳበሪያ ብድር፣ የእቁብ ቀሪ ክፍያና በቃል የተወሰደ ብድር ደግሞ በዕዳ በኩል ይመዘገባሉ።

መሬት የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ስለደነገገ በውርስ የሚተላለፈው የመጠቀም መብት ነው። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ሲሠራበት የቆየውን አዋጅ ቁጥር 456 በመተካት በ2016 ዓ.ም የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ወጥቷል፤ ዝርዝሩ ደግሞ በየክልሉ አዋጅና ደንብ ይመራል። የክልል ሕጎች የመሬት ወራሽነትን በግብርና ከመተዳደር፣ ከሟች ጋር አብሮ ከመኖርና ከአነስተኛው የይዞታ መጠን ጋር የሚያያይዙባቸው ሁኔታዎች አሉ። ውጤቱም በሬውን የሚወርሰውና እርሻውን የሚወርሰው ሰው ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ስለሆነም ከመጀመሪያው ሁለት ዝርዝር፣ አንዱ ለመሬት ሌላው ለቀሪው ንብረት፣ ማዘጋጀት ይመረጣል። መሬት የገበያ ዋጋ ስለሌለውም ከወጪው ጋር በሚነጻጸረው የብር ግምት ውስጥ አይገባም።

የወራሽነት ማስረጃ ወይስ ሙሉ ማጣራት?

ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ወራሽ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊጠይቅ ይችላል። የመጀመሪያው በአንቀጽ 996 መሠረት የሟች ወራሽ መሆንንና የሚደርሰውን ድርሻ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ማግኘት ነው። ተቃዋሚ ከሌለ ይህ በጥቂት ቀጠሮዎች የሚያልቅ አቤቱታ ሲሆን፣ ባንክም ሆነ የመሬት ጽሕፈት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግን የንብረቱን ዝርዝር አያረጋግጥም፤ በሬው የሟች ነው ወይስ የጎረቤት የሚለውን አይፈታም።

ሁለተኛው ሙሉ የውርስ ማጣራት ነው። ወራሾችን መለየት፣ ኑዛዜ ካለ መፈለግ፣ ንብረቱን መዝግቦ መገመት፣ ለሟች የሚከፈለውን መሰብሰብ፣ ዕዳውን መክፈልና ስጦታ የተናዘዘላቸውን ማድረስ በዚህ ሥር ይጠቃለላል። ይህን የሚሠራው ውርስ አጣሪ ነው። በሕጉ መሠረት ወራሾቹ ራሳቸው አጣሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካልተስማሙ ወይም አንዱ ከጠየቀ ፍርድ ቤት ይሾማል። ከማጣራቱ በኋላ ክፍፍል ይከተላል።

ወራሾቹ ከተስማሙ ሁለተኛው መንገድ ላያስፈልግ ይችላል። በሽማግሌ ፊት የተጻፈ የክፍፍል ስምምነት ይዘው የወራሽነት ማስረጃ ብቻ የሚያወጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ወጪን በመቀነስ ረገድ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ስምምነቱ ግን አካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ወይም በዕለቱ ያልተገኘን ወራሽ ጥሎ የተፈጸመ ከሆነ ለጊዜው ርካሽ መስሎ ቆይቶ እጅግ ውድ ይሆናል።

ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው

ለፍርድ ቤት የሚከፈለው ክፍያ በሁለት ይከፈላል። የወራሽነት ማስረጃ አቤቱታ በገንዘብ የተተመነ ክስ ባለመሆኑ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ የቁርጥ ክፍያ ይጠየቅበታል። የክፍፍል ክስ ግን በንብረቱ ግምት ልክ ይሰላል። የክልል ፍርድ ቤቶች ተመን ስለሚለያይና ስለሚሻሻል በሥራ ላይ ያለውን ከሬጅስትራሩ መውሰድ ያስፈልጋል። ግምቱን ሆን ብሎ ዝቅ ማድረግ ትርፍ የለውም። ተከራካሪው ወገን ግምቱን በመቃወሙ ብቻ አንድ ወይም ሁለት ቀጠሮ ይጨመራል።

ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ባስቀመጠው መሠረት በደሃ ደንብ እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሀብት ዝርዝርና ቃለ መሐላ ነው፤ ከቀበሌ የሚሰጥ የድህነት ማስረጃም ይቀርባል። ይህ ዕድል ለብዙ ባለጉዳዮች የሚነገራቸው ገንዘብ ተበድረው ከከፈሉ በኋላ ነው።

የቀጠሮ ዋጋ

አሁን ወደ ዋናው ወጪ እንምጣ። አንድ ቀጠሮ ለአንድ ሰው የሚያስወጣው የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የምግብ፣ መንገዱ ሩቅ ከሆነ የማደሪያ፣ እንዲሁም ያ ቀን በእርሻ ወይም በቀን ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ያስገኝ የነበረውን ገቢ ነው። የመጨረሻው በኪስ ስለማይታይ በግምት ውስጥ አይካተትም፤ ሆኖም በዘር ወይም በአጨዳ ወቅት የባከነ ቀን ለገበሬ ከመጓጓዣው የበለጠ ኪሣራ ነው።

ለስሌት እንዲያመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ በመሆናቸው በየአካባቢው ዋጋ መተካት አለባቸው። ሟች ሚስትና ለአካለ መጠን የደረሱ አራት ልጆች ትቷል። የጋራ ሀብቱ 120 ሺህ ብር የሚገመት ጥማድ በሬ፣ 80 ሺህ ብር የሚገመቱ ሁለት ላሞችና 150 ሺህ ብር የሚገመት የቆርቆሮ ክዳን ቤት ሲሆን ድምሩ 350 ሺህ ብር ነው። የሚስት እኩሌታ ሲወጣ 175 ሺህ ብር ይቀራል። ሟች በራሱ ስም ያለበት ዕዳ 25 ሺህ ብር ቢሆን ለልጆቹ የሚተርፈው 150 ሺህ ብር፣ ለእያንዳንዳቸውም 37 ሺህ 500 ብር ነው። አንድ ሰው ለአንድ ቀጠሮ 200 ብር ለመጓጓዣ፣ 150 ብር ለምግብ ያወጣል እንበል፤ የባከነውን የሥራ ቀን በ300 ብር ብንይዘው የአንድ ሰው የቀጠሮ ወጪ 650 ብር ይሆናል።

አራቱ ልጆች ቢስማሙና የወራሽነት ማስረጃ ብቻ ቢያወጡ ሦስት ጉዞ ሊበቃ ይችላል። በመጀመሪያው አንዱ ወራሽ መዝገብ ያስከፍታል፤ በሁለተኛው አራቱም ወራሾችና ሁለት ምስክሮች ይቀርባሉ፤ በሦስተኛው አንዱ ሄዶ የውሳኔውን ግልባጭ ይወስዳል። በድምሩ ስምንት የሰው ጉዞ በ650 ብር ሲባዛ 5 ሺህ 200 ብር ይሆናል። ለአቤቱታ ጽሑፍ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለማስረጃና ለመዝገብ ቤት ክፍያ 1 ሺህ 200 ብር ቢጨመር ጠቅላላው 6 ሺህ 400 ብር ነው። ይህ ከልጆቹ ውርስ ከመቶ አራት ትንሽ ፈቅ የሚል ነው።

ባይስማሙስ? ክርክሩ በዘጠኝ ቀጠሮ ያልቃል እንበል፤ ዘጠኝ ቀጠሮ ለተጋጋለ የውርስ ክርክር ብዙ የሚባል አይደለም። አራቱ ወራሾች በእያንዳንዱ ቢገኙ 36 የሰው ጉዞ፣ በአንዱ ቀጠሮ ስድስት ምስክሮች ቢቀርቡ 42 ይሆናል። ይህ በ650 ብር ሲባዛ 27 ሺህ 300 ብር ነው። ለአጣሪ 6 ሺህ፣ ንብረቱንና ወሰኑን ለሚያዩ ሦስት ባለሙያዎች የሁለት ቀን ውሎ አበል በቀን 500 ብር ሒሳብ 3 ሺህ፣ ለክስ፣ ለመልስና ለልዩ ልዩ አቤቱታ ጽሑፍ 3 ሺህ፣ ለዳኝነት 2 ሺህ 500 ብር ሲደመር ጠቅላላው 41 ሺህ 800 ብር ይደርሳል። ጠበቃ አልተቆጠረም። ድምሩ ከአንድ ወራሽ ሙሉ ድርሻ ይበልጣል።

በዚህ ምሳሌ ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ 65 ያህሉ ምልልስ ሲሆን የዳኝነት ክፍያው ከመቶ ስድስት ነው። አራት ወራሾች ተገኝተው ሥራ ሳይሠራበት የተዘዋወረ አንድ ቀጠሮ 2 ሺህ 600 ብር ያስወጣል፤ ይህም ከዳኝነት ክፍያው በልጦ ይገኛል። ቀጠሮ የሚያዘዋውረው ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። መጥሪያ አልደረሰም፤ ከቀበሌ የተጠየቀው ማስረጃ አልመጣም፤ የአጣሪው ሪፖርት አልተጠናቀቀም፤ ዳኛው ሥልጠና ላይ ናቸው። በነሐሴ ወር ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት ስለሚዘጉ በሰኔ የተከፈተ መዝገብ ሳይታይ ሊከርም እንደሚችልም መታሰብ አለበት። በአንጻሩ ቀጠሮው በወረዳው የገበያ ቀን ሲውል ባለጉዳዮች ለሌላ ጉዳያቸውም ስለሚመጡ ጉዞው ይቀልላቸዋል። ይህ ለዳኛው የማያስቸግር፣ ባለጉዳዩን ግን በእጅጉ የሚጠቅም አሠራር ነው።

ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ

ከላይ ከተጠቀሱት የቀጠሮ መዘዋወር ምክንያቶች ቀላል የማይባለው በመንግሥት ሠራተኛ እጅ ያለ ነው። ፍርድ ቤት ከቀበሌ ሟች ማን እንደነበሩና እነማንን ትተው እንደሞቱ እንዲገለጽለት ሲጠይቅ “አቶ እገሌ የቀበሌያችን ነዋሪ የነበሩ መሆናቸውን እንገልጻለን” የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ይላካል። ዳኛው ይህን ተመልክተው በድጋሚ ይጻፍ ከማለት በቀር ሌላ ምርጫ የላቸውም። ያ አንድ መስመር ቤተሰቡን አንድ ሙሉ ቀጠሮ አስከፍሏል ማለት ነው።

የተሟላ ደብዳቤ የሟችን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የሞቱበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት፣ የትዳር ሁኔታቸውን፣ በሕይወት ያሉትንም ሆነ ከሟች ቀድመው የሞቱትን ልጆች ስም፣ ቀድሞ የሞተ ልጅ የተወውን ልጅ ጭምር ይዘረዝራል። የመጨረሻው እንዲያው ለሙላት የሚጻፍ አይደለም። በአንቀጽ 842 መሠረት የልጅ ልጅ በሞተ ወላጁ ምትክ ስለሚገባ እሱን የዘለለ ዝርዝር ውሳኔውን ከነጭራሹ ያበላሸዋል። በደብተር ያለው ስምና ሰው የሚጠራበት ስም ሲለያዩ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በዚያው ደብዳቤ ማረጋገጥ ይገባል፤ የስም መለያየት ብቻውን ስንት መዝገብ እንዳጓተተ የሬጅስትራር ሠራተኞች ያውቁታል።

የሞት ምዝገባም እንዲሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተቋቋመው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሐምሌ 2008 ዓ.ም መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ሲመዘገብ የሚገኘው የምስክር ወረቀት ሞትንና ቀኑን ለማስረዳት ምስክር ከማጓጓዝ ያድናል። የቀበሌ ሠራተኛው ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ይህንኑ ቢነግር ከብዙ ምክር የተሻለ ይጠቅማል።

የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስረጃ የማሳውን መለያ ቁጥር፣ ስፋት፣ አዋሳኞችና በደብተሩ የተመዘገቡትን ባለይዞታዎች ሁሉ መያዝ አለበት። በአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም ከተጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ወዲህ ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ በስምና በፎቶግራፍ ስለሚመዘገቡ የሚስት ድርሻ ከደብተሩ በቀላሉ ይታያል። ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ባለበት ቦታ ደግሞ ለወሰን ልኬት ባለሙያ ወደ ማሳው መውሰድ ላያስፈልግ ይችላል፤ በምሳሌው 3 ሺህ ብር የተያዘለት የውሎ አበል ወጪም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የአጣሪ፣ የአቤቱታ ጸሐፊና የጠበቃ ዋጋ

ውርስ አጣሪ ሥራው የሚያስከፍል ሆኖ ሲገኝ አበል ሊከፈለው እንደሚገባ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተመልክቷል፤ መጠኑን ወራሾች በስምምነት፣ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ይወስነዋል። ይህ ስምምነት ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ቢደረግ በሪፖርቱ ጊዜ የሚነሳውን ንትርክ ያስቀራል። አካባቢውን የሚያውቅ አጣሪ ሲሾም ምልልሱ ያንሳል፤ ከአንዱ ወገን ጋር የቀረበ ዝምድና ካለው ግን ሪፖርቱ ስለሚነቀፍ የተገኘው ትርፍ መልሶ ይጠፋል።

በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚሠሩ አቤቱታ ጸሐፊዎች የሚጠይቁት አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን የወራሽነት ማስረጃ የሚያስፈልገውን ሰው የክፍፍል ክስ እየጻፉ የሚሰጡ አይታጡም። ባለጉዳዩ ለአንድ ባንክ አንድ፣ ለመሬት ሌላ መዝገብ ከሚያስከፍት ሁሉንም በአንድ አቤቱታ ጠይቆ የተረጋገጠ ግልባጭ በበቂ ቁጥር በአንድ ጊዜ ቢወስድ ይጠቀማል። ለጠበቃ የሚከፈለው በስምምነት በመሆኑ በአጠቃላይ ተመን ሊገለጽ አይችልም። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በየአካባቢያቸው የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ስላሏቸው አቅም የሌላቸውን ወደዚያ መምራት ይቻላል።

በሩቅ ያሉና ያልደረሱ ወራሾች

ልጅ በአረብ አገር በሥራ ላይ ያለችበት ቤተሰብ በገጠር ወረዳዎች ብዙ ነው። እሷን ወክሎ የሚቀርብ ሰው የውክልና ሰነድ ያስፈልገዋል፤ ሰነዱ በምትኖርበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ተዘጋጅቶ በአገር ውስጥ መረጋገጥ አለበት። የውክልና ሰነድ የቴምብር ቀረጥ ከሚከፈልባቸው ሰነዶች አንዱ ነው። እዚህ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ ሳይሆን የሚጠበቀው ጊዜ ስለሚከብድ ውክልናው መዝገብ ከመከፈቱ በፊት ቢጠየቅ ይመረጣል። ስሟን መዝለል ወጪ መቀነሻ ሆኖ ሊታይ አይገባም፤ ስትመለስ መብቷን መጠየቋ አይቀርም።

አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ሞግዚት መሾም ያስፈልጋል፤ ይህም የራሱ አቤቱታና ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ቀጠሮ አለው። የልጁ ጥቅም ከእናቱ ወይም ከአጎቱ ጥቅም ጋር በሚጋጭበት ጊዜ ፍርድ ቤቱ ሌላ ሰው መፈለጉ ስለማይቀር ግምቱ ይህን ማካተት አለበት።

መዘግየትም ዋጋ አለው። ወራሽነቱን መሠረት አድርጎ ንብረት እንዲመለስለት የሚጠይቅ ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ እንዳለበት በአንቀጽ 1000 ተደንግጓል። ጊዜው ካለፈ ተከሳሹ ይርጋን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ያነሳል፤ ዋናው ክርክር ሳይጀመር በዚሁ ነጥብ ብቻ ብዙ ቀጠሮ ይባክናል።

ወጪው በማን ላይ ያርፋል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1014 ከውርሱ ሀብት የሚከፈለውን በቅደም ተከተል አስቀምጧል። በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ውርሱን የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ቀጥሎ የቀለብ ዕዳ፣ በመጨረሻም በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ ይከፈላል። ስለዚህ አንዱ ወራሽ ለሁሉም ጥቅም ያወጣው አግባብ ያለው የማጣሪያ ወጪ ከድርሻው በፊት ሊተካለት ይገባል። ይህን የማያውቁ ታላላቅ ልጆች ሁሉንም ከኪሳቸው ከፍለው በኋላ እኩል ሲካፈሉ ይታያል።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ተዝካር ነው። ለቀብር የወጣው ገንዘብ ከሟች የኑሮ ደረጃ ጋር የሚመጣጠን እስከሆነ ድረስ ቅድሚያ ያገኛል፤ ለሟች መታሰቢያ የሚደረግ ድግስ ግን በዚህ ቅድሚያ ውስጥ አይገባም። ለአርባው በሬ አርዶ ጠላ ጠምቆ የደገሰ ልጅ ወጪውን በውርሱ ላይ ሊያስቆጥር ቢፈልግ የሌሎቹን ወራሾች ፈቃድ ማግኘት አለበት። ዕድሩ የሸፈነውን የቀብር ወጪ መልሶ ማስከፈልም እንዲሁ ተቀባይነት የለውም።

በክርክር የተረታ ወገን የአሸናፊውን ወጪና ኪሣራ እንዲተካ ፍርድ ቤቱ ሊያዝ እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 462 ጀምሮ ይገልጻል። ይህን የሚያገኘው ግን ዝርዝሩን ከነማስረጃው የሚያቀርብ ሰው ነው። ለመኪና የተከፈለበት ቲኬት፣ የፎቶ ኮፒ ደረሰኝ፣ የአጣሪ የክፍያ ወረቀትና የምስክሮች አበል በአንድ ፖስታ ተሰብስበው ቢቆዩ ብዙ ይረዳሉ። ደረሰኝ የማይሰጥባቸው ወጪዎች በቀን፣ በምክንያትና በመጠን ተጽፈው ቢያዙ ፍርድ ቤቱ በቁርጥ ለሚወስነው ኪሣራ መነሻ ይሆናሉ።

በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኙ የሚታየው በዞን ከተማ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመሆኑ ግምቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ለዚህም የመዝገብ ግልባጭ ክፍያ፣ ረዘም ያለ መንገድና ብዙውን ጊዜ ማደሪያ ይጨመርበታል። ይግባኝ ካልተጠየቀ የቀረው ሥራ በመሬት ጽሕፈት ቤት የስም ዝውውር ማስፈጸም ሲሆን፣ ለዚህ ወራሹ የውሳኔውን የተረጋገጠ ግልባጭ፣ የቀድሞውን ደብተርና መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል።